ባርኔጣና ሐራጅ፤ ከመቅደላ ዘውድ እስከ በቆጂ ባርኔጣ

ሀ. የጥናቱ መነሻ

የሰው ልጅ ከሚለብሰው ሁሉ ማንነቱን አብልጦ የሚናገረው በራሱ ላይ የሚያደርገው ነው። ንጉሥ ዘውድ ይጭናል፤ መነኵሴ ቆብ ይደፋል፤ ካህን ይጠመጥማል፤ ገበሬውና ነጋዴው ባርኔጣ ያደርጋል። ስለ አንድ ሰው «ቆቡን ጣለ» ስንል ስለ ጨርቁ ሳይሆን ስለ ምንኵስናው መናገራችን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ ይህ ዕቃ ከባለቤቱ ራስ ወርዶ ለገበያ በሚቀርብበት ጊዜ፣ ይልቁንም ብዙ ሰው ዋጋ እየጨመረ በሚሻማበት በሐራጅ ሲሸጥ፣ አብሮት የነበረው ታሪክ ምን ይሆናል? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው።

ለጥያቄው ያነሣሣን በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። የተወለድነው በአርሲ ደጋ በበቆጂ ነው። ከአሰላ በስተደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ በዓለም ዘንድ የምትታወቀው በሯጮችዋ ነው፤ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና የ10000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ስለ ባርኔጣ ብሎ በቆጂን የሚያነሣ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመንም። እኛም የአያታችን ባርኔጣ በኢንተርኔት ሐራጅ ላይ ለሽያጭ ቀርቦ እስካየንበት ቀን ድረስ አስበነው አናውቅም ነበር። የዚህን ባርኔጣ ነገር በቦታው እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ግን የሰፋውን ታሪክ ማየት ይገባናል። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልነው በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ያልነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ለ. ባርኔጣ በአገራችን

«ባርኔጣ» የሚለው ቃል ከአረቦቹ «ቡርኔይጣ» እና ከጣሊያኖቹ «ቤሬታ» ጋር የሚዛመድ ነው። ቃሉ ከውጭ በመምጣቱ ዕቃውም ከፋሺስት ጦር ጋር የገባ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፣ በላዩም ጠርዙ ሰፊ የሆነ ጥቁር ባርኔጣ አድርገው የተነሡት ፎቶግራፍ ከወረራው ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ካለው ጊዜ፣ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። ሻሹ የቆየውን የአገር ልማድ፣ ባርኔጣው አዲሱን ዘመን የሚያመለክት ሲሆን፣ ንጉሡ ሁለቱን ባንድ ራስ ላይ አስማምተው መያዛቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ከዚያም ወዲህ የሱፍ ባርኔጣ ከቤተ መንግሥት ወደ ሹማምንቱ፣ ከሹማምንቱ ወደ ነጋዴውና ወደ ባላገሩ ወረደ። በበቆጂና በአካባቢዋ ዝናሙ ብዙ፣ ብርዱ ጽኑ፣ የቀትሩም ፀሐይ የሚያቃጥል ስለ ሆነ ባርኔጣ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ዕቃ አይደለም። ዛሬም በገበያ ቀን ገብስ ጭነው የሚመጡትን፣ በፈረስ ተቀምጠው የሚያልፉትን ሽማግሌዎች የተመለከተ ሰው ብዙዎቹን ባርኔጣ አድርገው ያገኛቸዋል።

እነዚህ ባርኔጣዎች የሚሠሩበት ጨርቅ የተሸመነ አይደለም፤ የጥንቸል ወይም የሌላ እንስሳ ጠጉር በሙቅ ውሃና በእንፋሎት እየታሸና እየተጫነ ርስ በርሱ ተያይዞ የሚገኝ ነው። በዚህ ሥራ ስማቸው ከታወቀው ፋብሪካዎች አንዱ በ1857 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር በአሌሳንድሪያ ከተማ የተቋቋመው ቦርሳሊኖ፣ ሌላው በ1865 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፊላዴልፊያ የተጀመረው ስቴትሰን ነው። ቀድሞ ጠጉሩ እንዲያያዝ ባዜቃ ያለበት መድኃኒት ይቀባ ስለ ነበር ሠራተኞቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ አእምሮአቸውም ይታወክ ነበር፤ በአሜሪካ ይህ አሠራር የቆመው በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ እጅግ ያረጀ ባርኔጣ የሚገዛ ሰው ከጌጡ ጋር ይህን መርዝ ሊገዛ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ሐ. የደላንታ ሐራጅ

«ሐራጅ» የሚለው ቃልም እንደ ባርኔጣ ከአረቦች የመጣ ነው። በአገራችን ታሪክ ከተደረጉት ሐራጆች ሁሉ ግን የከፋው በአገሩ ባለቤቶች የተደረገ አልነበረም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሮቹ የንጉሡን ግምጃ ቤትና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በዘበዙ። የተዘረፈውን ዕቃ ለመሸከም 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከሳምንት በኋላ ጦሩ በደላንታ ሜዳ ሰፍሮ ሁለት ቀን ሐራጅ አደረገ። መኰንኖችና አብረው የመጡ ሰዎች መስቀሉን፣ መጽሐፉን፣ ልብሱን፣ ጋሻውን እየተጫረቱ ገዙ፤ የተገኘውም 5000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ለብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃ እንዲሰበስብ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስም ብርቱ ገዢ ነበር። ይኸው ሰው የአቡኑ ነው የተባለውን የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ከወታደር እጅ በ4 ፓውንድ እንደ ገዛ ተጽፏል።

ከመቅደላ ከሄዱት የራስ ጌጦች የሦስቱን ዕድል ማነጻጸር ለርእሳችን ይጠቅማል። አንደኛው በወርቅ የተለበጠ የብር ዘውድ ሲሆን፣ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከጐበኙ በኋላ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመለሰ። ሁለተኛው የዐፄ ቴዎድሮስ ቆብ ነው፤ ይህን ዳግማዊት ንግሥት ኤልሣቤጥ በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በጐበኙ ጊዜ ከማኅተማቸው ጋር ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስረከቡ። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ውድ የሆነው የወርቅ ዘውድ፣ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ቀረ። በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ሙዚየሙ ዘውዱን ከሌሎቹ ጋር አሳይቶ፣ ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጥ እንደሚችል ገለጸ፤ በኢትዮጵያ በኩል ግን የተጠየቀው ውሰት ሳይሆን መመለስ ነበር።

ከዚህ ንጽጽር የምንረዳው ነገር አለ። የሦስቱም ታሪክ የታወቀው የመንግሥት ዕቃ በመሆናቸውና ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፉ በመጻፉ ነው። በዚያው በደላንታ ሜዳ ላይ ስንት የመኳንንት፣ የካህናትና የተራ ወታደሮች የራስ ልብስ ተሸጦ ይሆን? ዋጋቸው ተከፍሏል፤ የባለቤቶቻቸው ስም ግን በዚያው ሜዳ ላይ ቀርቷል። ሐራጅ ገንዘቡን ቈጥሮ ይመዘግባል፤ ዕቃው በማን ራስ ላይ እንደ ነበረ ካልተጠየቀ አይመዘግብም።

መ. የኢንተርኔት ሐራጅ አሠራር

የዛሬው ሐራጅ ሜዳ አያስፈልገውም። ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ ሻጩ በአንድ አገር፣ ገዢው በሌላ አገር ሆነው በኢንተርኔት መጫረት የተለመደ ሆኗል። የአሮጌ ባርኔጣ ገበያም በብዛት ወደዚሁ ገብቷል።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሻጩ ፎቶግራፍና መግለጫ ያቀርባል፤ መነሻ ዋጋና ሐራጁ የሚዘጋበትን ሰዓት ይወስናል። ገዢው ሊከፍል የሚችለውን የመጨረሻ ዋጋ ለማሽኑ በምሥጢር ይነግረዋል፤ ማሽኑም ሌላ ተጫራች በመጣ ቍጥር በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ እስከዚያ ወሰን ድረስ ይጫረትለታል። በአዳራሽ በሚደረግ ሐራጅ አጫራቹ «አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ» ብሎ የሚጨምር ሰው መኖሩን ሳይጠይቅ አይዘጋም። በኢቤይና እርሱን በመሰሉት ግን ሰዓቱ ሲሞላ ነገሩ ያበቃል፤ ስለዚህ ብልሆቹ ዝም ብለው ቈይተው በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ዋጋቸውን ይሰጣሉ።

ባርኔጣ የሚገዛ ሰው ከዚህ ሌላ የሚጠነቀቅበት ነገር ብዙ ነው። ባርኔጣውን በእጁ ሊዳስሰው፣ በራሱም ሊለካው አይችልም። በውስጡ ዙሪያውን የተሰፋው የላብ ቆዳ በዕድሜ ብዛት ስለሚኰማተር፣ 57 ተብሎ የተጻፈበት ባርኔጣ 57 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ባለው ራስ ላይ ላይገባ ይችላል። ብል የበላው ቀዳዳም በፎቶግራፍ ላይ ጥላ ሊመስል ይችላል። ዕድሜውን ለማወቅ ዐዋቂዎች የፋብሪካውን ማኅተም፣ የገበሩን ጨርቅ፣ የቆዳውን ስፌትና የቍጥሩን አጻጻፍ ይመረምራሉ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ምርመራ የሚነግረን ባርኔጣው የት እንደ ተሠራ ነው፤ ማን እንዳደረገው አይነግረንም። እንግዲህ ወደ በቆጂው ባርኔጣ እንመለስ።

ሠ. የበቆጂው ባርኔጣ

አያታችን ግራጫ የሱፍ ባርኔጣ ነበራቸው። ከአሰላ ነጋዴ የገዙት በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአንድ ጥሩ የገብስ ዓመት እንደ ሆነ ይናገሩ ነበር። በሰፈሩ ሽማግሌ ስለ ነበሩ ጠበኞችን ለማስታረቅ በሚቀመጡበት ጊዜ ዱላቸውን ከመሬት ተክለው ባርኔጣውን በላዩ ይሰቅሉታል። ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ባርኔጣው ከዚያ አይነሣም፤ አንሥተው በራሳቸው ላይ ሲያደርጉት ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። አንድ ጊዜ ፈረስ ረግጦት ጠርዙ በግራ በኩል ተቀደደ፤ አያታችን ሴትዮዋ በጥቁር ክር ሰባት ቦታ ወግተው ሰፉት።

አያታችን ካረፉ በኋላ ባርኔጣው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብዙ ዓመት ቈየ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሮጌ ዕቃ እየዞረ የሚሰበስብ አንድ ሰው ወደ በቆጂ መጣ። ከቤታችን የድሮ ፋኖስና ያንን ባርኔጣ ወሰደ፤ ለባርኔጣው ለአክስታችን 300 ብር ሰጣት። የትምህርት ቤት መክፈቻ ወቅት ስለ ነበር በገንዘቡ ደብተር ተገዛበት፤ ከተገዛላቸው ልጆች አንዱ እኛ ነበርን። ስለዚህ አክስታችንን ልንወቅስ አንችልም። እርሷም ሆነች እኛ ባርኔጣውን አሮጌ ጨርቅ አድርገን ነበር የምናየው። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በግማሽ ብቻ ሠራ፤ እኛ ያቀለልነውን ሌላው አክብዶ ተቀብሎታልና።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሚኒሶታ የሚኖረው አጎታችን ለአባቱ መታሰቢያ የሚሆን ያንን የመሰለ ባርኔጣ በኢንተርኔት ሐራጅ ሲፈልግ አንድ ፎቶግራፍ አገኘና ላከልን። በግራው ጠርዝ ላይ ጥቁር ክር ይታያል። አክስታችን ስልኩን ወደ ዐይኗ አስጠግታ ስፌቱን ቈጠረች፤ ሰባት ነበር። በመግለጫው ላይ የተጻፈው ግን «በምሥራቅ አፍሪካ የኖረ የጣሊያን ሰፋሪ ባርኔጣ» የሚል ነው። በአንድ መስመር አያታችን ጠፉ፤ በርሳቸው ቦታ ፈጽሞ ያልነበረ ሰው ተተካ።

አጎታችን ለሻጩ የባርኔጣውን ታሪክ ጽፎ ላከለት። ሻጩም በትሕትና መለሰ፤ ማስረጃ ካለ መግለጫውን እንደሚያርም፣ ከሌለ ግን የገዛበትን ቃል እንደሚያምን ጻፈ። ማስረጃ ፈለግን። ባርኔጣው የሚታይበት አንድ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ አለን፤ ነገር ግን ከሩቅ የተነሣ ስለ ሆነ ስፌቱ አይለይም፤ በጀርባውም ስምም ቀንም አልተጻፈበትም። በባርኔጣው ውስጥም ከፋብሪካው ማኅተም በቀር ምንም ጽሕፈት የለም። አጎታችን እንግዲህ ይጫረት ብለን ተስማማን። ሊከፍል የሚችለውን 150 ዶላር ወሰን አድርጎ ሰጠ፤ የመጨረሻው ደቂቃ እስኪገባ ድረስም ቀዳሚ ነበር። ሴኮንዶች ሲቀሩ ስሙ የማይታወቅ ተጫራች ገባ፤ ባርኔጣው በ152 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሄደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ባርኔጣው የት እንዳለ አናውቅም። በቅርብ የሚያሳየን ፎቶግራፍ ቢኖር ያ ሻጭ ያነሣው ብቻ ነው።

ረ. ጽሕፈት ያለውና ጽሕፈት የሌለው

ይህን የቤታችንን ነገር ከመቅደላ ዘውድ ጐን ማቆማችን ድፍረት ሊመስል ይችላል። አንዱ በጦር ኃይል የተዘረፈ፣ ሌላው በፈቃድ የተሸጠ ነው፤ ልዩነቱን አንዘነጋም። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ዕቃ ሊመለስ የሚችለው ታሪኩ አብሮት ሲጓዝ ነው።

ለዚህ ሁለት የቅርብ ጊዜ ምስክሮች አሉ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አንድ የኢትዮጵያ ጋሻ ለሐራጅ ቀረበ። በጋሻው ላይ «መቅደላ» የሚለው ስምና ምሽጉ የተያዘበት ቀን ተቀርጾበት ነበር። ኢትዮጵያ ተቃውሞዋን ካሰማች በኋላ ጋሻው ከሐራጁ ወጣ፤ በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ። ልብ እንበል፤ ጽሕፈቱ የባለቤቱ ሳይሆን የወሰደው ወገን ጽሕፈት ነው። ወሳጁ ለክብሩ የጻፈው ለመመለሻ ምስክር ሆነ።

ሁለተኛው የጨለቆት ዘውድ ነው። በትግራይ ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋውን የ18ኛው መቶ ዓመት ዘውድ በኔዘርላንድ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ በ1998 እ.ኤ.አ. በእንግዳ ሻንጣ ውስጥ አግኝቶ 21 ዓመት ደብቆ ጠበቀው፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። ዘውዱ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ ለማረጋገጥ የተቻለው፣ ከመጥፋቱ በፊት ዘውዱን አድርገው የተነሡ ካህን ፎቶግራፍ ስለ ነበረ ነው። ለጨለቆት ዘውድ ፎቶግራፉ ተናገረ፤ ለአያታችን ባርኔጣ ግን የእኛ ፎቶግራፍ ዲዳ ሆነ።

በዚህ ላይ ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ አለ። «ሐራጅ ባይኖር ያ ባርኔጣ በብል አልቆ ይቀር አልነበረምን?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ተቃውሞው ኃይል አለው። በየቤቱ ያረጀ ባርኔጣ ተቈርጦ የጫማ ንጣፍ ሲሆን አይተናል። ገዢው ገንዘብ ስላወጣበት በጥንቃቄ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሐራጅ ዕቃን ከጥፋት ያድናል ብንል ሐሰት አይሆንም። የሚያድነው ግን ጨርቁንና ቆዳውን ነው። ያ ባርኔጣ በዱላ ላይ ተሰቅሎ ስንት ጠብ እንዳበረደ የሚያውቁት የበቆጂ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ሳይጽፉት ካለፉ የሐራጁ ተጫራች ሊያውቀው አይችልም።

ሕግስ አይበቃምን? አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው ቅርስነቱ የታወቀለትን ነው፤ አንድ የበቆጂ ገበሬ ያደረገውን የውጭ አገር ባርኔጣ ቅርስ ነው ብሎ በኬላ ላይ የሚያስቆም ሰው ሊገኝ አይችልም። ቅርስ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ የነበረብን እኛ ነን።

ሰ. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው በደላንታ ሜዳም ሆነ በኢንተርኔት ሐራጅ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ዕቃውን ከሰው ለይቶ ዋጋ ይሰጠዋል። የታሪክ ተማሪ ሥራ ደግሞ ዕቃውንና ሰውየውን እንደ ገና ማገናኘት ነው። ይህም ሥራ ዕቃው ከሄደ በኋላ ከሚሠራ ይልቅ ሳይሄድ ቢሠራ ይቀላል፤ የሚፈልገውም እርሳስና አንድ ቍራጭ ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን የምንሄድ ተማሪዎች በቤታችንና በጎረቤት ያለውን የቆየ ባርኔጣ፣ ቆብ፣ ካባና ዱላ እየጠየቅን እንመዝግብ። የባለቤቱ ስም፣ የተገዛበት ቦታና ዘመን፣ የተሰፋበትና የተቀደደበት ምልክት ይጻፍ። ከቅርብ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በጀርባውም ስምና ቀን ይጻፍበት። የጽሑፉ አንድ ቅጂ ከባርኔጣው የላብ ቆዳ ሥር ተጣጥፎ ይቀመጥ፤ ሌላው ቅጂ በኮሌጃችን ይቀመጥ። ባለቤቱ በችግር ምክንያት ቢሸጠውም እንኳ ስሙ አብሮ ይሄዳል። በኢንተርኔት የሚገዙ ወገኖቻችንም ከመጠኑና ከዋጋው በፊት «ይህን ያደረገው ማን ነበር?» ብለው ሻጩን ይጠይቁ፤ የጠየቁትንም ጽፈው ይያዙ።

እኛ ባለፈው ክረምት በበቆጂ ይህን መዝገብ ጀምረናል። ከመዘገብናቸው የመጀመሪያው በእጃችን የሌለው ባርኔጣ ነው፤ ግራጫ፣ ጠርዙ በግራ በኩል የተቀደደ፣ በጥቁር ክር ሰባት ቦታ የተሰፋ። ስፌቱን አክስታችን ስትነግረን እኛ ጻፍን።